የሦስቱ ካሜራዎች ቅምሻ

ካሜራ ልገዛ ነው ብዬ ያወጅኩት ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ቡናው ቀላ፣ ተለቀመ፣ ተፈለፈለ፣ ሽቦ አልጋ ላይ ተሰጣ፤ እኔ ገና እየመረጥኩ ነበር። ሰው ትዳር ሲመርጥ እንኳ ይህን ያህል አይቆይም። የሥራ ባልደረባዬ ነጅላ በየጠዋቱ የቅምሻ ክፍላችንን በር ስትከፍት ከሰላምታ በፊት «እሺ ሙሉ፣ ዛሬስ ተገላገልሽ?» ትለኛለች። ምጥ ላይ ያለሁ ይመስል።

እውነቱን ከመነሻው ልናገርና ይውጣልኝ። ካሜራውን የምር እፈልገው ነበር። ከካሜራው በላይ ግን ካሜራ የሚያስመርጠኝን ሰው እፈልገው ነበር። ኩመራ ይባላል፤ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ፣ ባጃጅ ከሚቆምበት ማዶ፣ ትንሽ ፎቶ ቤት አለው። ካሜራ ልመርጥ ብዬ ወደ እሱ ቤት እሄዳለሁ፤ መርጬ የጨረስኩ ዕለት ግን መሄጃዬም አብሮ ያልቃል። ሌላ ምን ምክንያት አለኝ? ጉርድ ፎቶ እንደሆነ ለመታወቂያም፣ ለባንክም፣ ለመንጃ ፈቃድም ተነስቼ ጨርሻለሁ። አንድ ቀን ጨንቆኝ ለፓስፖርት ልነሳ ብዬ ሄድኩና «ወዴት ልትሄጂ ነው?» ሲለኝ ክው ብዬ «የትም» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ካሜራው ብቻ ቀረልኝ።

እኔ ቡና ቀማሽ ነኝ። ቦሳ አዲስ ሰፈር ባለው የቡና ላኪ ቢሮአችን ቀኑን ሙሉ በማንኪያ ፉት እያልኩ እተፋለሁ። አንዴ ፉት ብዬ ይሄ የጌራ ነው፣ ይሄ የሊሙ ነው፣ ይሄኛው ደግሞ አልጋ ላይ ሳለ ዝናብ መትቶታል ማለት እችላለሁ። መምረጥ እንጀራዬ ነው። ግን እኔ ጋ የሚደርሰው ቡና ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ቡናማ ዱቄት ሆኖ ነው። ገና ዛፉ ላይ ሳለ ያንን ቀይ ነገር ይዤ ማስቀረት አማረኝ፤ በስልክ ሞከርኩት፣ ቀዩ ሁሉ ብርቱካን እየመሰለ አስቸገረኝ። የካሜራው ነገር የተጀመረው እንዲህ ነው።

ገበያውን ሳየው ግን ዓይን አዋጅ ሆነብኝ። ቴሌግራም ላይ ያሉትን ካሜራ ሻጮች ሁሉ ተከተልኩ። ዩቲዩብ ላይ አንዱ «ለጀማሪ ይቺን ግዙ» ይላል፤ ልገዛ ስነሳ ሌላው «ይቺን የገዛ ተሸውዷል» ይላል። ሜጋፒክስል ነው፣ ሴንሰር ነው፣ ሌንሱ የሚፈታ ነው የማይፈታ ነው፣ ጭንቅላቴ ዞረ። እራት ላይ ለእናቴ ስለ ሴንሰር መጠን ሳስረዳት ጉርሻዋን አቁማ አየችኝና «ልጄ፣ ይሄ ነገር በሐኪም አይታይም?» አለችኝ።

በመጨረሻ ሦስት ቀሩ። ለሦስቱም ስም አወጣሁላቸው። «ሙሽራዋ» ሄርማታ ሰፈር፣ የነጅላ ወንድም የፋሂም ሱቅ ውስጥ ያለችው ናት፤ ትንሽ፣ ብርማ፣ ላስቲኳ እንኳ ያልተላጠ። «ዲያስፖራው» ከዱባይ የመጣ አንድ ሰው ይሸጥልኝ ብሎ ኩመራ ጋ የተወው ነው፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ቁልፉ ተቆጥሮ የማያልቅ። «ጡረተኛው» ደግሞ የራሱ የኩመራ ነው፤ ሥራውን የተማረበት፣ እጅ የሚያርፍበት ቆዳው ተልጦ የነጣ፣ «ከወደድሽው ላንቺ እለቀዋለሁ» ያለኝ።

ሦስቱንም ወደድኳቸው። ችግሩ ኩመራ ነበር። ሙሽራዋን ሳደንቅ፣ «ቆንጆ ናት፣ ግን ባትሪዋ ቶሎ ያልቃል፤ ሠርግ መሃል ትተውሻለች» ይለኛል። እኔ ሠርግ ላነሳ መቼ አልኩ? እሺ ብዬ ወደ ዲያስፖራው ስዞር፣ «ለእጅሽ ይከብዳል» ይለኛል። ጂም እገባለሁ ብለው፣ «ጂም ገብተሽም ይከብዳል» አለኝ። ጡረተኛውን ብድግ ሳደርግ የገዛ ካሜራውን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ቀና ብሎ ያየውና፣ «ዱጋ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ዕድሜው ገፍቷል፤ ነገ ሸክም ይሆንብሻል» ይላል። ከዚያ ማንጠልጠያውን ከአንገቴ ላይ ቀስ አድርጎ ያወጣና፣ «አትቸኩዪ። ነገ ነይና ደግሞ እናየዋለን» ይለኛል።

ነገ ነይ! ከዚህ የሚጣፍጥ አማርኛ አልሰማሁም። ከፎቶ ቤቱ ስወጣ እግሬ መሬት አይነካም፤ ባጃጅ አላስፈልግ ብሎኝ እስከ ቤቴ በእግሬ እሄዳለሁ። የሰውየው ጥንቃቄ ደግሞ ይገርመኛል፤ እንዴት ያለ ለሙያው የቆመ ሰው ነው እላለሁ። ነጅላ ግን አልገረማትም። «ወላሂ ይሄ ሰው ውሃ ቀጠነ ማለት አበዛ። ፋሂም ሙሽራዋን ላንቺ ብሎ አስቀምጦ ሌላ ገዢ መመለስ ሰለቸው» አለችኝ።

ነገሩ የፈነዳው ሥራ ላይ ነው። ከየቡ ከተማ የመጣ ናሙና እየቀመስን ሳለ አለቃችን ጋሼ ሣህሉ ተራዬን ጠብቀው፣ «እሺ ሙሉእመቤት፣ ምን አገኘሽ?» አሉኝ። እኔም ፉት ብዬ፣ ተፍቼ፣ በሙሉ ልብ፣ «አካሉ ጥሩ ነው፤ ጀርባው ላይ ግን ትንሽ ብዥ ይላል» አልኩ።

ቡና ጀርባ የለውም። ብዥም አይልም። ቡናውን የምትቆላልን እትዬ ፋንቱ ከመቁያው አጠገብ ሆና ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ጋሼ ሣህሉ ግን አልሳቁም፤ ማንኪያቸውን ሙቅ ውሃው ውስጥ ነከሩና ቀስ ብለው አስቀመጡት። ጋሼ ሣህሉ ማንኪያ ሲያስቀምጡ ደግ ነገር አይመጣም።

«ይብቃ!» አሉ። «ይህ ካሜራ ካልተገዛ ምላስሽ አይመለስም። ለመሆኑ እኛ እዚህ ቡና የምንመርጠው እንዴት ነው?»

«ስሙን ሸፍነን።»

«ሌላስ?»

«በአንድ ውሃ፣ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ አቆላል። ስም የሸፈነው ሰው አይቀምስም። የቀመሰው ነጥቡን ሳይሰጥ አይናገርም።»

«ፊቱንስ?»

«ፊቱንም አያጨማድድም።»

«እንግዲያው ካሜራውም እንደዚያው ይቀመሳል። ሦስቱን ይዘሽ አንድ ቦታ ሂጂ፤ አንድ ዓይነት ነገር በሦስቱም አንሺ። ነጅላ ፎቶዎቹን አሳጥባ፣ የካሜራዎቹን ስም ሸፍና ታመጣለች። እኔና ፋንቱ እንዳኛለን። ከፍተኛ ነጥብ ያገኘውን በማግስቱ ትገዣለሽ፤ አለቀ።»

እትዬ ፋንቱ አጨበጨበች። ነጅላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔን ግን «በማግስቱ» የምትለዋ ቃል ናት የቆረጠችኝ። በማግስቱ ከገዛሁ ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ጊንጆ ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ነገር ግን ለጋሼ ሣህሉ እምቢ አይባልም፤ ሃያ ዓመት ያህል ማንም እምቢ ያላቸው የለም ይባላል።

በዚያው ቀን ማታ ወሬውን ለኩመራ ይዤለት ሄድኩ። እንደ ሞት መርዶ ነበር የነገርኩት። እሱም ዲያስፖራውን እየወለወለ ሰማኝና፣ «ዕቃ ለብቻው አልሰጥም። እኔም እመጣለሁ» አለኝ። መርዶው ወዲያው ሠርግ ሆነ።

እሑድ አጋሮ ሄድን። ስለ ሚኒባሱ ምን ብዬ ልንገራችሁ! ኩመራ ሁለቱን ካሜራ ጭኑ ላይ፣ እኔ ከፋሂም የተዋስኳትን ሙሽራ እቅፌ ውስጥ ይዘን፣ መንገዱ በጠመዘዘ ቁጥር ትከሻችን ይነካካል፤ የጅማ አጋሮ መንገድ ደግሞ እግዜር ይስጠው ብዙ ይጠመዘዛል። ከአጋሮ ወጣ ብሎ ያለው ቡና ማጠቢያ ስንደርስ ገለባው ይሸታል፣ መፈልፈያው ይጮኻል፣ አልጋዎቹ ላይ ሴቶች ተደርድረው ቡና ይለቅማሉ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። እኔ እንደ ልጅ እዚያና እዚህ እሮጣለሁ፤ ቀዩን እሸት በሙሽራዋ፣ ያንኑ እሸት በዲያስፖራው፣ ያንኑ በጡረተኛው። ኩመራ ካሜራ ሊያቀብለኝ፣ ሌንስ ሊወለውልልኝ፣ ጥላ ሊያደርግልኝ ሁልጊዜ አጠገቤ ነው። ፀሐዩ ስክሪኑን አላሳይ አለኝ እንጂ እያነሳሁት ያለሁት ነገር ልዩ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር።

አልጋው ላይ ካሉት ሴቶች አንዷ፣ ሶረቲ የሚሏት ሳቂታ፣ እጇን አፏ ላይ እንደ ጥሩምባ አድርጋ፣ «ኢንታላ! አንቺ ልጅ! ቡናው እኮ በዚህ በኩል ነው!» ብላ ጮኸችብኝ። ሴቶቹ በሙሉ ሳቁ። በቡናቸው ኮርተው ነው ብዬ፣ «አይቼዋለሁ፣ በጣም ያምራል!» ብዬ መለስኩላቸው። ሳቁ ባሰ። ኩመራ ጆሮው ቀልቶ ሌንስ መወልወል ጀመረ፤ የወለወለው ሌንስ ደግሞ ቅድም የወለወለው ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ቅምሻው ሆነ። ካሜራዎቹን ለመመለስ ሲባል ኩመራም ተጠርቶ፣ በሩ አጠገብ ወንበር ተሰጥቶት፣ ለፈተና የተቀመጠ ተማሪ መስሏል። ነጅላ ሲኒዎቹን ከክቡ ጠረጴዛ አንስታ ፎቶዎቹን ደረደረች፤ ለአንድ ናሙና አምስት ሲኒ እንደሚቀርብ ሁሉ ለእያንዳንዱ ካሜራ አምስት ፎቶ። ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብለዋል። እኔ ገና አላየኋቸውም፤ ሕጉ ነው፣ ከግድግዳው ጋር ተለጥፌ ቆሜያለሁ።

ጋሼ ሣህሉ ማንኪያቸውን ይዘው ጀመሩ። ለፎቶ ማንኪያ ምን ያደርጋል? ልማድ ነው፣ ያለ ማንኪያ ጠረጴዛውን መዞር አይችሉም። በሀ ላይ ጎንበስ አሉ። ቆዩ። ወደ ለ ሄዱ። ቆዩ። ወደ ሐ ሄደው፣ ተመልሰው ወደ ሀ መጡ። እትዬ ፋንቱ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ነጅላ ኮርኒሱን ታያለች። እኔ ደግሞ አንደኛው አሸንፎ ጉዴ ሊፈላ ነው፣ ዛሬ ምርጫው ሊያልቅ ነው እያልኩ አስባለሁ።

ጋሼ ሣህሉ ቀና አሉ። «ነጥብ አልሰጥም» አሉ።

«ለምን ጋሼ?»

«ሙሉእመቤት፣ አንድ እንከን በአንድ ሲኒ ብቻ ቢመጣ ምንድን ነው?»

«አንዲት ፍሬ ተበላሽታለች ማለት ነው።»

«በአምስቱም ሲኒ ቢመጣስ?»

«ናሙናው ነው።»

«ጠረጴዛው ላይ ባለው ናሙና ሁሉ፣ በሁሉም ሲኒ ቢመጣስ?»

ይህንን ማንም ጀማሪ ቀማሽ ያውቀዋል። «ያኔ ቡናው አይደለም። ውሃው ነው» አልኩ።

«ነይ እይ እስቲ።»

ሄድኩ። ጎንበስ አልኩ። በእግዚአብሔር እላችኋለሁ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምርቃት ነበር።

ሀ ላይ ቀይ እሸት አለ፤ ብዥ ያለ ቀይ። ከእሸቱ ኋላ የኩመራ ጆሮ አለ፣ እያንዳንዷ ፀጉር እስክትቆጠር የጠራ። ለ ላይ የቡና አልጋው ጭጋግ መስሏል፤ በአልጋው ጠርዝ ላይ ያረፈው የኩመራ እጅ ግን ጥፍሩ ሳይቀር ይታያል። ሐ ላይ ለቃሚዎቹ ሴቶች ግማሽ ግማሻቸው ከፎቶው ወጥቶ፣ መሃሉ ላይ ኩመራ ወደ ሰማይ እያየ ይስቃል። ኩመራ ሌንስ ሲወለውል። ኩመራ ሲያስነጥስ። ኩመራ ከጀርባው። በአሥራ አምስቱም! እኔ እኮ ቡና ነበር የማነሳው። እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔ ጠብታ ሳልቀምስ ነው የወጣብኝ።

«ታዲያ» አሉ ጋሼ ሣህሉ ማንኪያቸውን ወደ እኔ ዘርግተው፣ «ውሃው ማን ነው?»

ከበሩ በኩል ወንበር ተንኳኳ። ኩመራ ተነስቶ ቆሟል። «ይቅርታ ጋሼ፣ የእሷ ጥፋት አይደለም» አለ። «አዲሶቹ ካሜራዎች የሰው ፊት ካዩ ራሳቸው ፊቱን ፈልገው ነው ጥርት የሚያደርጉት። ጀማሪ ሁሉ የሚገጥመው ነው።»

እንዴት ወደድኩት! እየሰመጥኩ ገመድ የወረወረልኝ ሰው!

«ጀርባም ሲያዩ ፈልገው ይይዛሉ?» አሉ ጋሼ ሣህሉ።

ኩመራ ጎንበስ ብሎ ወንበሩን አስተካከለ።

«እጅስ?» አለች እትዬ ፋንቱ። «ይሄ ማስነጠሱስ? እሱንም ካሜራው ነው የናፈቀው?»

«ወላሂ አንድ ነገር ልጨምር» አለች ነጅላ፣ ሰውነቷ በሙሉ እየሳቀ። «ከሁሉ የጠራው ሐ ነው አይደል? ሐ አሮጌው ነው፣ ጡረተኛው። ኩመራ፣ ያንተ አሮጌ ካሜራ ራሱ ፊት ፈልጎ ይይዛል?»

ኩመራ ስለ ካሜራው መዋሸት አይችልም። ታግሏል፤ ሲታገል አይቼዋለሁ። «አይችልም» አለ በመጨረሻ። «እሱ ሰው ያሳየውን ብቻ ነው የሚያየው።»

የእኔ ፊት ከአጋሮ እሸት በላይ ቀልቶ መሆን አለበት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ነጅላ ታውቃለች፣ እትዬ ፋንቱ ታውቃለች፣ አልጋ ላይ ያሉት ሴቶች እንኳ አውቀው ኖሯል። አሁን ደግሞ እሱም አወቀ። ወይ አፍሮ ይሄዳል፣ ወይ አዝኖልኝ ይስቃል ብዬ ወለሉን አየሁ። ምክንያቴም ሄደ፣ ሰውየውም ሄደ አልኩ በሆዴ።

ጋሼ ሣህሉ ግን አልጨረሱም ነበር። ማንኪያውን ወደ በሩ አዞሩት። «አንተስ፣ ልጄ? የባለሙያ ቃል ስጠን። ከሦስቱ የትኛው ነው ለዚች ልጅ የማይሆናት?»

ኩመራ እጁን ኪሱ ከተተ፣ አወጣ። «ሦስቱም ይሆኗታል» አለ።

«መቼ አወቅህ?»

«መጀመሪያ የመጣች ቀን።»

«ምነው ታዲያ እስከ ዛሬ አላስጨረስካትም?» አለች እትዬ ፋንቱ። «ሙሽራዋን ባትሪ የላትም፣ ትልቁን ይከብድሻል፣ የገዛ ካሜራህን ሳይቀር ስታማ ሰንብተህ የለም እንዴ?»

ኩመራ እኔን አየ። ሌላ ማንንም አላየም። «ከገዛችማ» አለ፣ «መቼ ትመጣለች?»

እትዬ ፋንቱ «እሰይ!» ብላ ሁለት እጇን ወደ ላይ ወረወረች። ነጅላ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ከታች ያሉት የመጋዘን ሠራተኞች ምን ተገኘ ብለው ደረጃውን ሲሮጡ ተሰማን። እኔ መሳቅ ጀመርኩና ማቆም አቃተኝ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ኩመራም ይስቃል፣ እንባው ይወርዳል፣ ያን ሁሉ የሠራው ጥንቃቄ ለኔ ሲል እንደነበር አሁን ገብቶኝ እንደገና እስቃለሁ። ለሙያው የቆመ ሰው አልኩት እኮ! አጭበርባሪ!

«ውሃው የተበላሸ ቅምሻ ይሰረዛል» አሉ ጋሼ ሣህሉ፣ ፎቶዎቹን ራሳቸው እየሰበሰቡ። ፊታቸው አልተጨማደደም፤ ጢማቸው ሥር ግን የሆነ ነገር ነበር። «ጠረጴዛው ይጠረግ። የጌራው ቡና እየጠበቀን ነው።»

ምሳ ሰዓት ላይ ሄርማታ ወርጄ ሙሽራዋን ገዛኋት። ባትሪዋን አልጠየቅሁም፣ ሜጋፒክስሏን አልጠየቅሁም። ትንሽ ናት፣ በቦርሳዬ ትገባለች፣ ሁልጊዜ ይዣት እወጣለሁ፤ በቃ። ፋሂም ሐሳቤን እንዳልቀይር ፈርቶ ይሆናል፣ ከሱቁ ደጃፍ ድረስ ሸኘኝ። ቲማቲም ስገዛ እንኳ ከዚያ በላይ እከራከራለሁ።

ከሥራ ስወጣ ባጃጅ ያዝኩና ጊንጆ ወረድኩ። ያን ሁሉ ጊዜ እዚህ መንገድ ላይ ሥራዬ ጥያቄ ማዘጋጀት ነበር። ስለ ሌንስ ምን ልጠይቀው? ስለ ብርሃን ምን ልጠይቀው? ሦስት አራት ጥያቄ ሳልይዝ ገብቼ አላውቅም። ዛሬ ጭንቅላቴ ባዶ ነው። ካሜራው ተገዝቷል፤ የምጠይቀው ነገር የለም። ከባጃጁ ወርጄ በሩ ላይ ስደርስ ልመለስ ቃጣኝ። በባዶ እጅ ሰው ቤት መግባት እንዲህ ያስፈራል ለካ።

ኩመራ አንድ የኮሌጅ ተማሪ ጉርድ ፎቶ እያነሳ ነበር። «አገጭህን ትንሽ ዝቅ» አለው፣ አነሳው፣ ነገ ና ብሎ ሸኘው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ ከልማዱ ይሁን ሊያሾፍብኝ አላውቅም፣ «ምን ልርዳሽ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

እሱም ተማሪው የተነሳባትን በርጩማ ወደ እኔ ገፋ አደረጋት። ገባሁና ቁጭ አልኩ።